ጥናት ውስጥ ግቡ ከተባላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ነርስ ነኝ። ከሥራዬ አንዱ ለታካሚዎች የጥናት ስምምነት ፎርም አንብቤ ማስረዳት ነው። አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ «እሺ፣ የት ጋ ልፈርም?» ይለኛል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ የመጣባችሁን ሰው ለዩት። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ተመራማሪ አይደለም። ሆዳችሁን ዳብሶ ታሪካችሁን የጠየቀው ልጅ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ጥናት ከሆነ ግን ፎርም አለው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዳጸደቀው፣ ጥያቄ ቢኖራችሁ የት እንደምትደውሉም ተጽፎበታል። ስልክ የሌለው ፎርም ላይ አትፈርሙ።

ቀጥሎ «ባልገባስ ምን ሕክምና አገኛለሁ?» በሉ። ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ካላ አዛርን እንይ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ከባድ በሽታ ነው። የተለመደው ሕክምና በቀን ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ የተካሄደ አንድ ጥናት አንዱን መርፌ ሚልቴፎሲን በሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ተክቶ ሕክምናው በ14 ቀን እንዲያልቅ ሞከረ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ሐኪሙም አይመርጥ፣ እናንተም አትመርጡ። ይሄ ሳይገባው የፈረመ ሰው አጠገቡ ያለው ክኒን ሲውጥ እያየ ይከፋዋል። ሴቶች ደግሞ ስለ እርግዝና ሳትጠይቁ እንዳትነሱ፤ ሚልቴፎሲን ጽንስ ሊጎዳ ይችላል።

«ደሜን ምን ልታደርጉት ነው?» ማለትም ነውር የለውም። ምን ያህል እንደሚቀዳ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ውጭ አገር ይላክ እንደሆነ ልንነግራችሁ ይገባል።

ሰው የሚረሳው ቀጠሮውን ነው። በካላ አዛር ጥናት ላይ ሰውየው ለይቶለት ዳነ የሚባለው ሕክምናውን ከጨረሰ ከስድስት ወር በኋላ ታይቶ ነው። ታካሚዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራና መተማ የሚወርዱ ጎረምሶች ናቸው። ጥር ላይ ሕክምናውን የጨረሰ ልጅ ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ይውላል። አረም! ማን ሥራ ጥሎ ለቀጠሮ ጎንደር ሆስፒታል ይወጣል? ስለዚህ የቀጠሮውን ቀን ከእርሻው ወር ጋር አስተያዩት። የማይመች ከሆነ ፊት ለፊት ተናገሩ። ትራንስፖርትና የቀን አበል ይታሰብ እንደሆነም ጠይቁ፣ አትፈሩ። ስልክ ስትሰጡ የአንድ ዘመድም ጨምሩ፤ የቆላ ሠራተኛ ሲሙ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል።

ማንበብ ለማይችል ሰው፣ አሻራ ከማድረጉ በፊት ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር አብሮት ይስማ። እኔ በበኩሌ «አባባ፣ ልጅዎ እስኪመጣ እንቆይ» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ።

ገብታችሁ ሳለ መውጣት ብትፈልጉ ትችላላችሁ፤ መደበኛ ሕክምናችሁ አይቀርባችሁም። የፎርሙን አንድ ቅጂ ተቀብላችሁ ከካርዳችሁ ጋር አኑሩት። መንገድ ላይ አሟችሁ ሌላ ጤና ጣቢያ ብትገቡ፣ ጥናት ላይ መሆናችሁን አይተው ወደ ቡድኑ ይደውላሉ።