ሞገድ ሳይሥሉ ውሃን ማንቀሳቀስ፦ በረቂቅ ሥዕል እንቅስቃሴን በቀለም እንዴት መፍጠር ይቻላል?

በጣና ዳር ሥዕል የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ታንኳውንና ደንገሉን በቅርጻቸው ለመያዝ ይቸኩላል። የነገሮችን ቅርጽ እንዳለ በማይቀዳው በረቂቅ ሥዕል የሚፈለገው ግን የውሃው መልክ ሳይሆን መንቀሳቀሱ ነው፤ ይህም በአብዛኛው የሚወሰነው ቀለሞች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው የሞገዱን አቅጣጫ ብቻ በእርሳስ መስመሮች ያስፍሩ። መስመሮቹ እኩል ከተራራቁ ዓይን እንደ አጥር ቆጥሮ ያልፋቸዋል፤ ስለዚህ አንዱን ቦታ ጠበብ፣ ሌላውን ሰፋ ያድርጉት። ከዚያ ንድፉን ወደ ሸራ ያዛውሩ።

አስቸጋሪው ሥራ ቀለም ማመጣጠኑ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳብራራው፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ ይለውጣሉ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ሲጎራበቱ ሁለቱም ይጎላሉ፤ ጠርዛቸው የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው ግን የንጣት መጠናቸው ሲቀራረብ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ከብርቱካናማ እጅግ ስለሚጠቁር፣ ነጭ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያፍኩት። መመጣጠናቸውን ለማወቅ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ ድንበሩ ከጠፋ ተሳክቷል ማለት ነው። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) ሲደርቅ ስለሚጠቁር ግን እርጥቡን ቀለም አይመኑ። በቁራጭ ሸራ ላይ ቀብተው ያድርቁትና ይመዝኑት፤ በባሕር ዳር ሙቀት ስስ ቅብ ለመድረቅ ብዙ አያስጠብቅም።

በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያየ ሰው ደማቅ ቀለሞች በጥቁር መስመር ተከፋፍለው በየቦታቸው ረግተው መቀመጣቸውን ያስተውላል። እዚህ የሚፈለገው ተቃራኒው ስለሆነ፣ በቀለሞቹ መካከል መስመር አያስገቡ፤ ጠርዙንም በብሩሽ አሽተው አያለስልሱት። ለዚህ ሥራ ቀጭን ብሩሽ አልመክርም፤ ከቀለም መሸጫ የሚገዛ ሰፊ የቤት ቀለም ብሩሽ ይበቃል።

ሸራው በሙሉ ከተንቀጠቀጠ ዓይን ይሰለቻል። የተረፉትን ሁለቱን ቀለሞች ቢደባልቋቸው ክረምት ደለል ያደፈረሰውን ሐይቅ የሚመስል ቡናማ ይወጣል፤ ሰፊውን ቦታ በእርሱ ይሸፍኑና የሚንቀጠቀጠውን ጠርዝ ለጥቂት ስፍራ ያስቀሩት። በመጨረሻም የሸራውን ላይ ወደ ታች ገልብጠው ራቅ ብለው ይመልከቱት፤ ዓይንዎ መንገድ ላይ የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ የሚታረመው ቀለሙ ሳይሆን በዚያ ያለው የመስመሮቹ ርቀት ነው።