አፕግሬድ ከመጀመራችሁ በፊት የቨርቹዋል ሰርቨራችሁን ዲስክ አስፉ

አፕግሬድ መሃል ላይ "ዲስኩ ሞልቷል" የሚል መልእክት ከመጣ ነገር ተበላሸ። ግማሹ ፓኬጅ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ ሰርቨሩን ሪስታርት ብታደርጉት ይነሳ አይነሳ አይታወቅም። ቦታውን አስቀድሞ ማስፋት ይሻላል። ስራው ከባድ አይደለም፣ ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ሊኑክስ ሰርቨር ላይ መጀመሪያ ቦታ ያነሰው የቱ ክፍል እንደሆነ እዩ። የዲስክ ቦታን የሚያሳየውን ዲኤፍ የሚለውን ትዕዛዝ በኤች ምርጫ (df -h) አስኬዱና መስመሮቹን በሙሉ አንብቡ፤ ሩቱን (ዋናውን ክፍል) ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ሰርቨሩ ሲነሳ የሚጠቀምባቸው ፋይሎች ያሉበት ቡት በራሱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ላይ ከሆነና በአሮጌ ከርነሎች (የሲስተሙ እምብርቶች) ከታጨቀ ሩቱ ላይ 100 ጊጋባይት ብትጨምሩም አዲሱ ከርነል አይገባም፣ መፍትሄው አሮጌዎቹን ማስወገድ ነው። ከዚያ ዲኤፍን በአይ ምርጫ ድገሙት። አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልገው መመዝገቢያ) ካለቀ ቦታ እያለ "ቦታ የለም" ይላችኋል፤ ሚሊዮን ትንንሽ ፋይሎች የሚጠራቀሙበት ሰርቨር ላይ ያጋጥማል። ዲኤፍ ሙሉ ነው እያለ ዲዩ የሚለው ትዕዛዝ የፋይሎቹን መጠን ደምሮ የሚያሳየው ድምር በጣም ካነሰ ደግሞ የተሰረዘ ግን አንድ ፕሮግራም አሁንም የያዘው ትልቅ ፋይል ሊኖር ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሎግ ነው። ፕሮግራሙን ሪስታርት ስታደርጉት ቦታው ይለቀቃል።

የወረዱ ፓኬጆች የሚጠራቀሙበትን የአፕት ካሽና የሲስተሙን መዝገብ የያዘውን የጆርናል ሎግ በማጽዳት ብቻ የሚፈታ ከሆነ ዲስኩን አትንኩት። ዶከር (ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስኬድ መሳሪያ) ያላችሁ ግን የማይጠቀሙበትን የሚያጸዳውን "ፕሩን" የሚለውን ትዕዛዝ ከቮልዩም ምርጫው ጋር በዘፈቀደ እንዳትሰጡት፤ ዳታ ይዞባችሁ ሊሄድ ይችላል።

ምን ያህል ልጨምር ለሚለው አፕግሬዱን እዩ። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ በፒጂ አፕግሬድ መሳሪያ የምታሳድጉ ከሆነ፣ ሳትነግሩት በነባሪው የሚሰራው ዳታውን ኮፒ አድርጎ ስለሆነ ዳታቤዙ የያዘውን ያህል ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል። ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ግን አትለጥጡት፤ ማሳደግ እንጂ መቀነስ የለም ብላችሁ አስቡ። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም በተግባር አይቀነስም፣ አብዛኞቹ የክላውድ አቅራቢዎችም የጨመራችሁትን ዲስክ መልሰው አያሳንሱላችሁም።

አሁን ባክአፕ። ስናፕሾት (የዲስኩን የአንድ ጊዜ ሁኔታ የሚይዝ ምስል) ባክአፕ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ዲስኩ ያለበት ስቶሬጅ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ቦታ የተቀመጠ፣ ተከፍቶ የታየ ኮፒ ይኑራችሁ። ቪኤምዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ስናፕሾት ያለበትን ዲስክ ማስፋት አይፈቀድም። ስለዚህ "ለጥንቃቄ መጀመሪያ ስናፕሾት ልያዝ" ያለ ሰው እዚያው ይቆማል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ባክአፕ ያዙ፣ የቆዩ ስናፕሾቶችን አጥፉ፣ ዲስኩን አስፉ፣ መስራቱን አረጋግጡ፣ ለአፕግሬዱ የሚሆነውን ስናፕሾት ያኔ ያዙ። ዳታስቶሩ (የቨርቹዋል ሰርቨሮቹ ዲስኮች የሚቀመጡበት ስቶሬጅ) ላይ በቂ ቦታ መኖሩንም እዩ። ዲስኮቹ ቲን (ቦታውን ሲጠቀሙበት ብቻ የሚወስዱ) ከሆኑ ወረቀት ላይ ያለው ቦታ በእውን ላይኖር ይችላል፣ ዳታስቶሩ ከሞላ ደግሞ የሚቆመው የእናንተ ሰርቨር ብቻ አይደለም።

ቨርቹዋል ሰርቨሩን የምታስተዳድሩበት ፓነል ላይ 40 ጊጋባይቱን 80 አድርጋችሁ አስቀመጣችሁ እንበል። ሰርቨሩ ውስጥ ገብታችሁ ዲኤፍ ስትሉ አሁንም 40 ነው። አትደንግጡ፣ አጥሩ ሰፋ እንጂ ቤቱ አልሰፋም። ከዲስኩ በላይ ፓርቲሽን አለ፣ ከዚያ ኤልቪኤም (የዲስክ ቦታን እንደፈለጉ የሚያከፋፍሉበት ንብርብር) ሊኖር ይችላል፣ በመጨረሻ ፋይል ሲስተም። እያንዳንዱን ከታች ወደ ላይ በየተራ ማስፋት አለባችሁ። አንዳንድ የክላውድ ኢሜጆች ሪስታርት ሲደረጉ ይህን በራሳቸው ይሰሩታል፣ ሌሎቹ ግን አይሰሩትም።

ኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) ብላችሁ ዲስኩ አዲሱን መጠን ማሳየቱን እዩ። ካላሳየ ሪስካን ወይም ሪስታርት ይፈልጋል። ከዚያ የፓርቲሽን ሰንጠረዡን በኤስኤፍዲስክ ወደ ፋይል አውጡትና ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጡት። ፓርቲሽኑን በግሮውፓርት አስፉ፤ መጀመሪያ በድራይ ረን ምርጫው አስኬዱት፣ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይነግራችኋል። የዲስኩን ስምና የፓርቲሽኑን ቁጥር ለያይታችሁ በመሃላቸው ክፍተት አድርጉ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቆዩ መመሪያዎች በኤፍዲስክ ፓርቲሽኑን አጥፍታችሁ እንደገና ፍጠሩ ይላሉ። ይሰራል፣ ግን መነሻ ሴክተሩን ከሳታችሁ ፋይል ሲስተሙ አይገኝም። ግሮውፓርት እያለ ለምን?

ኤልቪኤም ካለ ፒቪሪሳይዝ፣ ቀጥሎ ኤልቪኤክስቴንድ የሚሉትን ትዕዛዞች ስጡ። ኤልቪኤክስቴንድ ላይ የአር ምርጫን ከጨመራችሁ ፋይል ሲስተሙንም አብሮ ያሰፋዋል። ኤልቪኤም ከሌለ ለኤክስት4 ሪሳይዝ2ኤፍኤስ ነው፣ ለኤክስኤፍኤስ ደግሞ ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ ሆኖ የሚሰጠው ማውንት የተደረገበት ቦታ ነው። ሁለቱም ሰርቨሩ እየሰራ ይሰራሉ። የኡቡንቱ ሰርቨር ያላችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ቪጂኤስ የሚለውን ትዕዛዝ አስኬዱ፤ ኢንስቶለሩ ኤልቪኤም ሲጠቀም ከቮልዩም ግሩፑ (ከኤልቪኤም የቦታ ቋት) ብዙ ቦታ ሳይሰጥ ሊተው ስለሚችል፣ የምትፈልጉት ቦታ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ከሩቱ ፓርቲሽን ቀጥሎ ስዋፕ (ራም ሲያንስ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ከተቀመጠ መንገዱ ተዘግቷል፣ ምክንያቱም ፓርቲሽን የሚሰፋው ከጎኑ ወዳለው ባዶ ቦታ ነው። ስዋፑን አጥፍቶ ከፋይል ላይ መፍጠር ይቻላል፣ ኤፍኤስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች የተዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ያለውን መስመር ማስተካከል ግን አትርሱ። ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ነው፤ ከሲ ቀጥሎ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ካለ "ኤክስቴንድ ቮልዩም" የሚለው ደብዝዞ ይቀራል።

ሲያልቅ ዲኤፍን እዩ፣ ከዚያ አፕግሬዱን ሳትጀምሩ ሰርቨሩን አንዴ ሪስታርት አድርጉ። አሁን ካልተነሳ ችግሩ ከዲስኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በኋላ ከአፕግሬዱ ጋር ተደባልቆ ከመጣ ግን የቱ እንዳበላሸው ለመለየት ቀኑን ሙሉ ትለፋላችሁ። ከተነሳ ስናፕሾቱን ያዙ፣ ቲመክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ስራውን የሚያቆይ መሳሪያ) ውስጥ ገብታችሁ አፕግሬዱን ጀምሩ፤ ኮኔክሽናችሁ ቢቋረጥ እንኳ ስራው ይቀጥላል። ሁሉም ነገር መስራቱን ስታረጋግጡ ስናፕሾቱን አጥፉት። ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል፤ እያደገ ሄዶ ዳታስቶሩን ይሞላዋል።