ሰብል የሚናገረው ጥንታዊ ቅጥር፦ ከአየር ፎቶ እንዴት ይለያል?

ከሺህ ዓመታት በፊት በአንድ መንደር ዙሪያ ቅጥር እንዲሆን የተቆፈረ ቦይ በአፈር ሞልቶ፣ ማረሻ ደልድሎት፣ ዛሬ በላዩ ቢራመዱ እንኳ አይታይም። ገብሱ ግን ያውቀዋል። ቦዩን የሞላው አፈር ጥልቅ ነው፤ እርጥበትም ይይዛል። ስለዚህ ዝናብ ሲያጥር በላዩ ያለው ሰብል ይረዝማል፤ ዙሪያው ሲቀላ እሱ ገና እሸት ነው። የተቀበረው ግንብ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሥር የሚሰድበት አፈር ስስ በመሆኑ ሰብሉ ቀጭጮ ቀድሞ ይደርቃል። ጠቆር ያለ መስመር ካዩ ቦይን፣ ነጣ ያለ ካዩ ግንብን ይጠርጥሩ።

1. ፎቶውን ይምረጡ። ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። በደረቅ ዓመት፣ ከአጨዳ በፊት ባሉት ሳምንታት የተነሳ ይሁን፤ በብሪታንያና በአየርላንድ ይህ ሰኔና ሐምሌ ገደማ ነው። ስንዴና ገብስ ምልክቱን በደንብ ያሳያሉ፤ ሣር የሚያሳየው ድርቁ ሲበረታ ነው። ጠጠርና አሸዋማ መሬት ያጋልጣል፣ ከባድ የሸክላ አፈር ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በጋ፣ በአየርላንድ ኒውግሬንጅ በተባለው ጥንታዊ መቃብር አጠገብ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ግዙፍ ክብ ቅጥር በድሮን የታየው በእንዲህ ያለ ድርቅ ነው።

2. አሳሳቾቹን ያስወግዱ። እኩል ተራርቀው የሚሄዱ ጥንድ መስመሮች የትራክተር ጎማ ዱካ ናቸው። ማሳ አቋርጦ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ መስመር የቧንቧ ቅብር ሊሆን ይችላል። ክብ ሁሉም ቅጥር አይደለም፤ በሣር ላይ ፈንገስም ክብ ይሠራል። እንደ መረብ የተያያዙ ባለብዙ ማዕዘን ቅርጾች ደግሞ በበረዶ ዘመን የተሰነጠቀ መሬት አሻራ ናቸው። ዛሬ ካለው አጥር ጋር የሚገጥም መስመር ካገኙ የቆየ ካርታ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የፈረሰ የማሳ ድንበር ነው።

3. በሩን ይፈልጉ። እኔ ከቅርጹ ይልቅ በሩን አምናለሁ፤ ሰው የኖረበት ቅጥር መግቢያ አለውና። መስመሩ ተቋርጦ እንደገና የሚጀምርበትን ቦታ ያጉሉ። በኒዮሊቲክ (በአዲሱ የድንጋይ) ዘመን ከነበሩት ቅጥሮች አንዳንዶቹ ቦያቸው በብዙ ቦታ የተቆራረጠ ነው። የሮማውያን ምሽግ ማዕዘኑ የተድበለበለ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ በሮቹ በጎኖቹ ላይ ናቸው። በውስጥ ያሉ ጥቋቁር ነጥቦችንም አይለፉ፤ የእህል ጉድጓድ ወይም የምሰሶ መትከያ ሊሆኑ ይችላሉ። በእንግሊዝ፣ ስቶንሄንጅ በተባለው የድንጋይ ክብ አቅራቢያ ያለው ዉድሄንጅ የእንጨት ምሰሶዎቹ በስብሰው ቢጠፉም፣ መትከያ ጉድጓዶቹ ከአየር እንደ ነጥብ ታይተዋል።

4. በሌላ ዓመት ፎቶ ያረጋግጡ። የምድርን የሳተላይትና የአየር ፎቶ የሚያሳየው ጎግል ኧርዝ የቆዩ ምስሎችንም ያሳያል። ሰብሉ ተቀይሮ ምልክቱ እዚያው ከተመለሰ ከመሬት በታች የሆነ ነገር አለ። ካልተመለሰም አይሰርዙት፤ ዝናባማ ዓመት ሁሉን ይሸፍናል።

5. ስፋቱን በጎግል ኧርዝ መለኪያ ይለኩና ለአካባቢው የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። አይቆፍሩ፤ ያለ ባለሙያ የተቆፈረ ቦታ ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። ከመጋጠሚያ ነጥቡ (ከኬክሮስና ኬንትሮሱ) ጋር ፎቶው የተነሳበትን ቀንና የሰብሉን ዓይነት ይጻፉ፤ ቀጥሎ የሚያይ ሰው መቼ መመለስ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።