የአንድ ሰው ኮሜዲ ተውኔት በትንሽ አዳራሽ፦ ከጽሑፉ እስከ ሁለተኛው ምሽት

የአንድ ሰው ኮሜዲ ተውኔት ከስታንዳፕ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ስታንዳፕ ላይ የቆመው ሰው ራሱን ሆኖ ያወራል፤ አንዱ ቀልድ ካልያዘለት ወደሚቀጥለው ይዘላል። ተውኔት ላይ ግን ታሪክ አለ፤ መሃል ላይ ሳቅ ቢጠፋም ታሪኩን ጥሎ መሄድ አይቻልም። ይበልጥ የሚያስቸግረው ደግሞ ሌላ ነው፦ ተዋናዩ አብሮት የሚጫወት የለውም። ቃል የሚመልስለት፣ ሲሳሳት የሚሸፍንለት፣ ሲቸኩል የሚገራው ሰው የለም። ያን ቦታ የሚይዘው ተመልካቹ ነው፤ የሚመልሰውም በሳቅ ነው። ከወንበር አደራደር እስከ ዐረፍተ ነገር አሰካክ ድረስ እያንዳንዱ ዝግጅት የሚመዘነው ሳቁ በቀላሉ እንዲወጣና ተዋናዩ ጋ እንዲደርስ በማድረጉ ነው።

እዚህ ያለው ከ30 እስከ 80 ሰው ለሚይዝ ክፍል፣ አንድ ተዋናይና መብራትና ድምፅ የሚይዝ አንድ ሰው ላሉበት ሥራ የሚሆን ነው።

ጽሑፉ

ርዝመቱን በገጽ አትለኩ። ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩ። ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ያለ እረፍት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1947 በተጀመረው የስኮትላንዱ የኤድንብራ ፍሪንጅ የትርዒት ፌስቲቫል ላይ በየትንንሹ ክፍል የሚታዩ ሥራዎች በአብዛኛው አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው፤ አንዱ ክፍል በቀን ብዙ ቡድኖችን ስለሚያስተናግድ ነው። ልኩ ግን ለአንድ ሰው ትርዒትም ተስማሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ድምፅና አንድ ፊት ያሰለቻል። ሳቅ ጊዜ እንደሚበላ አትርሱ፦ ለ60 ደቂቃ ትርዒት በንባብ 50 ደቂቃ የሚወስድ ጽሑፍ ያዙ።

ለመጀመሪያ ሥራ ከ4 እስከ 6 ገፀ ባህሪያት በቂ ናቸው። ዋናው ሰው ዛሬውኑ የሚፈልገው አንድ ተጨባጭ ነገር ይኑረው፤ የተቀሩት መንገዱን ይዝጉበት። «ስለ ኑሮ» የሚባል ኮሜዲ ሃያ ደቂቃ ላይ ይበተናል። «ማኅተም የሚያስመታ ሰው» ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገሩ እንምጣ፤ ብዙ ሳቅ የሚቀበረው እዚህ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የሚያስቀው ቃል ከማሰሪያው በፊት ይመጣና ሰው መሳቅ ሲጀምር ተዋናዩ ገና «አለችኝ»፣ «ነበር» እያለ ነው። ተመልካቹም ለመስማት ብሎ ሳቁን ይውጣል። አንድ ባለጉዳይ ማስረጃ ሊያወጣ ቢሮ ሄደ እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ ስሜን ካየች በኋላ እኔንም አየት አደረገችኝና ነፍስ ይማር አለችኝ፤ ለካ ሞቷል ተብዬ ተመዝግቤ ነበር።»

ሳቁ ያለው «ነፍስ ይማር» ላይ ነው። ከሱ በኋላ ግን ስድስት ቃላት ተከምረውበታል። ሲስተካከል፦

«መዝገቡን ገለጠች። ስሜን አየች። እኔን አየች።»
(ተዋናዩ ጸሐፊዋን ይሆናል፤ አገጩን ወደ ደረቱ ስቦ ከመነጽር በላይ እንደሚያይ ሰው ቀና ይላል።)
«ነፍስ ይማር።»

«አለችኝ» ወጣ፤ ምክንያቱም ተዋናዩ ራሱ ሴትዮዋን ሆኗል። ማብራሪያውም ወጣ። ሰውየው መዝገብ ላይ መሞቱን ማንም አልነገረንም፤ ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል፣ ሰው ደግሞ ራሱ ለደረሰበት ነገር ነው ከልቡ የሚስቀው። ጽሑፋችሁን እስክሪብቶ ይዛችሁ እለፉበት፤ የሚያስቀውን ቃል አስምሩና ከሱ በኋላ ስንት ቃል እንደቀረ ቁጠሩ። ከአንድ በላይ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ እንደገና ይሰካ። ሁሉንም ነገር ግን እንዲህ አትቆራርጡት፤ ጽሑፉ የቴሌግራም መልእክት ይመስላል።

አንድ አካል፣ ብዙ ሰው

ጀማሪ ገፀ ባህሪን በድምፅ ብቻ ለመለየት ይሞክራል። ድምፅ ግን የመጨረሻው መሣሪያ ነው፤ አንዷን በቀጭን፣ አንዱን በጎርናና ድምፅ 50 ደቂቃ መጫወት ጉሮሮን ያቆስላል፤ የሚሰማውም እንደ ካርቱን ነው። በቅድሚያ ዓይን፣ ቀጥሎ የአከርካሪ አያያዝ፣ ከዚያ የንግግር ፍጥነት። እነዚህ ከተለዩ ድምፁ ራሱን ያስተካክላል።

ዓይን የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለጉዳዩ ቆሟል፣ ጸሐፊዋ ተቀምጣለች። ባለጉዳዩን ስትሆኑ ከተመልካቹ መሃል በስተቀኝ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዞራችሁ ዝቅ ያለ ነጥብ ታያላችሁ። ጸሐፊዋን ስትሆኑ በዚያው ልክ ወደ ግራ ዞራችሁ ከፍ ያለ ነጥብ ታያላችሁ። ፍጹም ወደ ጎን ከዞራችሁ የአዳራሹ ግማሽ ፊታችሁን ያጣል። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ካዩ ደግሞ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ሦስተኛ ሰው የሚያዩ ይመስላል። በልምምድ ጊዜ ግድግዳው ላይ በትክክለኛው ከፍታ ሁለት ወረቀት ለጥፉ። በጣም የተለመደው ብልሽት አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሁለቱ ዓይን ቀስ በቀስ እኩል ከፍታ ላይ መምጣቱ ነው፤ ጸሐፊዋ ሳትነሳ ቆመች ማለት ነው። ይህን ተዋናዩ አይሰማውም፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ሲቀያየሩ ጭንቅላት ይቀድማል፣ ትከሻና ወገብ ይከተላሉ፣ ቃሉ መጨረሻ ይመጣል። እግር ከቦታው አይነሳም። አንዱ የቆመበት ቦታ ሄዶ መቆም፣ ከዚያ ተመልሶ ሌላኛው ጋ መሮጥ የጀማሪ ምልክት ነው። ምልልሱ አጭር ከሆነ ጭንቅላት ብቻ ይዙር።

በአንድ ንግግር ውስጥ ሦስት ሰው ካለ ሌላ ዘዴ አለ። አሜሪካዊቷ ሩት ድሬፐር (1884–1956) ባዶ ሊባል በሚችል መድረክ ላይ፣ አንድ ሻል ወይም ባርኔጣ ይዛ ብቻ ትጫወት ነበር። አንዷን ሴት ብቻ ሆና የቀሩትን በማዳመጧ ታሳያቸዋለች፤ ተመልካቹ መልሱን የሚያገኘው ከፊቷ ነው። ይህን ለመሥራት የማይታየውን ሰው ቃል ሙሉ በሙሉ ጻፉት። ልምምድ ላይ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፤ በኋላ አንባቢው ይውጣ፣ እሱ ያነበበበት ጊዜ ግን በዝምታ እንዳለ ይቆይ። ያልተጻፈ ቃል የምታዳምጡ ከሆነ ዝምታው በየልምምዱ እያጠረ ሄዶ ይጠፋል።

ልብሱ ጠቆር ያለና ጌጥ የሌለው ይሁን፤ በላዩ ለአንድ ገፀ ባህሪ ቢበዛ አንድ ዕቃ። በአንድ እጅ፣ በሁለት ሰከንድ የማይለበስ ነገር አይገባም፦ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ማሰሪያ ሁሉም ይቀሩ። መነጽር ከሆነ መስታወቱን አውጡት፤ መብራት ያንጸባርቅና ዓይናችሁን ይሰርቃል።

ክፍሉ

ሳቅ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዛመታል፤ የተራራቀ ሰው ግን ብቻውን መሳቅ ያፍራል። 35 ሰው ከጠበቃችሁ 35 ወንበር ደርድሩ፤ ተጨማሪ 15 በር አጠገብ ተደራርበው ይቆዩ። 60 ወንበር ላይ የተበተነ 35 ሰው የከሸፈ ምሽት ይመስላል፤ 35 ወንበር ላይ ግን አዳራሽ ሞላ ይባላል።

የመጀመሪያው ረድፍ ከመጫወቻው ቦታ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይራቅ። ከአንድ ሜትር በታች ሲሆን የተቀመጠው ሰው እንዳትነኩት ይፈራል፤ ከሦስት ሜትር በላይ ሲሆን በመሃል ያለው ባዶ መሬት ሳቁን ይውጠዋል። መተላለፊያውን መሃል ላይ አታድርጉ፤ ከፊት ለፊታችሁ ያለው ምርጥ ቦታ ባዶ ይሆናል። በሁለቱ ጎን ይሁን፣ መውጫ በሩም በወንበር አይዘጋ። አራት አራት ወንበር ያለው አሥር ረድፍ ከምትሠሩ ስምንት ስምንት ያለው አምስት ረድፍ ሥሩ፤ የኋላው ወንበር ከፊተኛው ሁለት ወንበሮች ክፍተት ትይዩ ይቀመጥ።

ወለሉ እኩል ከሆነ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለ ሰው የሚያየው ከደረት በላይ ነው። መሬት ላይ ተኝታችሁ የምትጫወቱት አስቂኝ ትዕይንት ለሁለት ረድፍ ብቻ ነው የተሠራው። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መድረክ ቢገኝ ይፈታዋል፤ ካልተገኘ የተቀመጠውን ገፀ ባህሪ ረጅም በርጩማ ላይ አስቀምጡት። በርጩማው እንዳይንቋቋ አስቀድሞ ይታይ።

የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፍሪጅ፣ ማራገቢያ፣ የጎረቤት ክፍል ሙዚቃ ያኔ ይሰማል። እስከ 60 ሰው በሚይዝ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ ክፍል ማይክ አያስፈልግም። ማይክ ግድ ከሆነ ራስ ላይ የሚታሰር ይሁን፤ የእጅ ማይክ አንድ ክንድ ይወስዳል፣ ገፀ ባህሪያቱም ሁሉ ዘፋኝ ይመስላሉ።

መብራትና ድምፅ

ኮሜዲ ብሩህ ፊት ይፈልጋል። ዓይኑ ያልታየ ሰው አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የመድረክ መብራት መምህር ስታንሊ ማካንድለስ ያስተማረው አቀማመጥ ዛሬም ይሠራል፦ ከፊት ግራና ቀኝ ሁለት መብራት፣ እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ ወደ ጎንና 45 ዲግሪ ወደ ላይ። ከኋላ አንድ ቢጨመር ተዋናዩን ከግድግዳው ይለየዋል። ጣሪያው ዝቅተኛ ከሆነ 45 አይገኝም፤ 30 ይበቃል፣ ከዚያ ከወረደ ግን ዓይን ያሳውራል፣ ግድግዳው ላይም ትልቅ ጥላ ይተክላል። የተመልካቹ ወገን ይጨልም፤ ጎረቤቱ እንደሚያየው የሚያውቅ ሰው ሳቁን ይይዛል። ገፀ ባህሪ በተቀየረ ቁጥር ቀለም መቀየርን ተዉት፤ ግማሽ ሰከንድ ሲዘገይ ቀልዱ ይሞታል።

መብራትና ድምፅ ለሚይዘው ሰው በጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ትእዛዝ ይበቃል። በወረቀት ይጻፉ፤ ለምሳሌ፦

7. ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፦ የስልክ ጥሪ፣ ወዲያው
8. እጁ ስልኩን ሲነካ፦ ጥሪው ይቁም፣ ወዲያው
9. «ነገ ይመለሱ» ተብሎ ሳቁ መውረድ ሲጀምር፦ መብራት ይጥፋ፣ በ3 ሰከንድ

በተቻለ መጠን ትእዛዙን ከቃል ይልቅ ከድርጊት ጋር እሰሩት፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው ቃል ይዘላል፣ ፎርሙን ግን ማስቀመጡ አይቀርም። ሳቅ መሃል ላይ የገባ ድምፅ አይሰማም። ድምፁ የሚጫወተው ከስልክ ከሆነ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይሁን፤ ፋይሎቹም በቁጥር ተሰይመው እዚያው ይጫኑ። ከኢንተርኔት እያጫወታችሁ አትታመኑ።

ልምምድና ሙከራ

ጽሑፉን ከ8 እስከ 10 ክፍል ከፋፍሉት፣ ለእያንዳንዱ ስም ስጡት፤ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል ከቃሉ አስቀድማችሁ አጥኑ። ቃል ሲጠፋ የሚያድነው ይህ ነው። በዚያው በቢሮው ምሳሌ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የጸሐፊዋ ፋይል ውስጥ የክፍሎቹ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይቀመጣል። ጠፋባችሁ? ጸሐፊዋን ሆናችሁ ፋይሉን ቀስ ብላችሁ ትገልጣላችሁ። ተመልካቹ ቢሮክራሲ ነው ብሎ ያስባል።

ከመክፈቻው በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰው ፊት ሞክሩት። ዘመድና ጓደኛ ብቻ ከሆነ ለእናንተ ብሎ ይስቃል፤ መለኪያ አይሆንም። ስልክ ከኋላ አስቀምጣችሁ ድምፁን ቅዱ፤ በማግስቱ እያዳመጣችሁ ጽሑፉ ላይ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጡ። ሁለቴ 0 ያገኘ ቀልድ ይሰረዝ፣ እናንተ የቱንም ያህል ብትወዱት።

ሳቅን መያዝ ልምምድ ይፈልጋል። ሳቅ ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። መናገር ያለባችሁ ሲወርድ ነው፤ ፈጽሞ ሳይጠፋ። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ተመልካቹ ቃል እንዳያመልጠው ዝም ማለትን ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ማሳቅ ከባድ ነው። ጸጥ እስኪል ከጠበቃችሁ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ተመልካቹ እየሳቀ ሳለ ገፀ ባህሪው ሐሳቡን ይቀጥል እንጂ ተዋናዩ ወጥቶ አይጠብቅ። የሚያስቀው ቃል ላይ እጅም ሆነ እግር አይንቀሳቀስ፤ ዓይን እንቅስቃሴውን ይከተልና ጆሮ ይዘጋል። ሳቁ ካልመጣ ምንም እንዳልጠበቃችሁ ሆናችሁ ቀጥሉ።

ዕለቱ

ሦስት ሰዓት ሲቀረው ወንበርና መብራት፤ አንድ ሰዓት ሲቀረው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ በሙሉ ጉልበት ተለማመዱ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ድምፅ ማሟሟቅ። ድምፅ ከሻከረ አታንሾካሹኩ፣ ማንሾካሾክም ጅማቱን ያደክማል፤ ዝም በሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚገባበት ቦታ ጽሑፉ ላይ ይመረጥ፣ በረኛውም ይወቀው፤ የመጀመሪያው ትልቅ ሳቅ ካለፈ በኋላ ጥሩ ነው። ስልክ ከጮኸ ገፀ ባህሪው አንድ ጊዜ ይመልስለት፣ ሁለተኛ አይመለስበት። ከተመልካች መሃል የሚናገር ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛ መልስ የሰጣችሁት ቀን ተውኔቱ የሁለታችሁ ይሆናል።

ሁለተኛው ምሽት ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ተዋናዩ የትናንቱን ሳቅ እየጠበቀ ስለሚጫወት ቃሉን ይጎትታል፣ ቀልዱን ከመናገሩ በፊት በፊቱ ያሳብቃል። መፍትሔው ቀን ላይ ሙሉውን ጽሑፍ ያለ ምንም ትወና፣ ተቀምጦ፣ በፍጥነት አንድ ጊዜ መወጣት ነው። ከዚያ የትናንቱን ቅጂ ሳያዳምጡ መድረክ ላይ መውጣት፤ ቅጂው ለሦስተኛው ቀን ይቆይ።