ያገለገለች አነስተኛ መኪና ስትበላሽ፦ ዕቃ ከመለወጥ በፊት መንስኤውን መፈለግ

ያገለገለች አነስተኛ መኪና በያዘ ሰው ላይ ከባዱ ወጪ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከብልሽቱ ሳይሆን መንስኤው ሳይታወቅ በግምት ከሚለወጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ብልሽቶችን በክብደታቸው ይለዩ። የመስኮት ማንሻ ወይም የበር ቁልፍ ቢያስቸግር ተራውን ጠብቆ ይጠገናል፤ የሞተር መጋል፣ የዘይት መጉደልና ያረጀ የታይሚንግ ችንጋ (የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያናብበው የጎማ ቀበቶ) ግን ሞተሩን በአንድ ጉዞ ሊያጠፉት ስለሚችሉ ለነገ አይባሉም። ፍሬን፣ መሪና ጎማ የሰው ሕይወት የሚያርፍባቸው ስለሆኑ ከሁሉም ይቀድማሉ።

ከማቀዝቀዣው ክፍል ይጀምሩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ወይም የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ። ሞተሩ እንደጋለ ግን ፈጽሞ አይክፈቱት፤ ክዳኑ ፈሳሹን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ሲላላ የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ ያቃጥላል። ፈሳሹ የዝገት ቀለም ከያዘ፣ ለረጅም ጊዜ ተራ ውሃ ሲሞላበት እንደቆየ መጠርጠር ይገባል፤ ተራ ውሃ ብረቱን ያዝጋል፣ የራዲያተሩንም ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይደፍናል። የተለመደው አሞላል ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ማቀላቀል ነው።

ፈሳሹ መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ እየጎደለ ከሄደ፣ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መካከል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ መበላሸቱን ይጠርጥሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ገና እንደተነሳ ድርቅ ብሎ የሚወጠር የራዲያተር ቱቦ፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ ሳያቋርጥ የሚፈላ አረፋ፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶቹ ናቸው። ሆኖም በምልክት ብቻ ቴስታታ አይፈታም። ለዚሁ የተዘጋጀ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በውስጡ ሲያልፍ የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ፍተሻው አጭርና ርካሽ ስለሆነ መካኒኩ አስቀድሞ እንዲሠራው ይጠይቁ። ቴስታታው ከተፈታ ደግሞ ገጹ ጠምሞ እንደሆነ ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን እንዲገጠም አይፍቀዱ፤ የአልሙኒየም ቴስታታ ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል፣ በጠመመ ገጽ ላይ የተገጠመ ጓርኒሲዮንም ብዙ ሳይቆይ ዳግመኛ ያስተነፍሳል። እየነዱ ሳለ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ከወጣ «ትንሽ ልድረስ» ሳይሉ ደህና ቦታ ላይ ቆመው ሞተሩን ያጥፉ። ብዙ ደህና ሞተሮች የሚጠፉት በዚያች በቀረችው አጭር መንገድ ነው።

ዘይት የምትበላ መኪና ሁሉ የመጨረሻዋ ደርሷል ማለት አይደለም። በአስተማማኝነቷ የምትመሰገነው የቶዮታ ኮሮላ እንኳ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሞዴሏ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በገጠመችው 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ላይ፣ ዘይቱ ከፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ካሉት ቀለበቶች) የሚመለስባቸው የፒስተን ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ዘይት በመፍጀት ትታወቃለች። በሜዳማ ቦታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ዘይቱን እስከ መለኪያ ዘንጉ ላይኛው ምልክት ሞልተው በየ500 ኪሎ ሜትሩ ይለኩና ይመዝግቡ። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የቫልቭ ጎሚኒ (በቫልቩ በኩል ዘይት እንዳይገባ የሚከለክለው ትንሽ ጎማ) ነው፤ ይህም ከፋሻ ጥገና በእጅጉ የቀለለ ነው።

የታይሚንግ ችንጋው መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ይቁጠሩት። ብዙ አምራቾች ከ100,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲለወጥ ያዝዛሉ፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ችንጋው ከጎማ የተሠራ ስለሆነ በዕድሜ ይደርቃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ችንጋው ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን መትቶ ያጣምማቸዋል። የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ይኸው ችንጋ ከሆነ ፖምፓውንም አብሮ መለወጥ ድጋሚ የመፍታትን የእጅ ዋጋ ያድናል። በሰንሰለት የሚሠራ ሞተር ይህ ባያስፈልገውም ዘይቱ በወቅቱ ካልተለወጠ ሰንሰለቱ ይላላል።

መኪናዋ ጠዋት አልነሳ ስትል ባትሪ ለመግዛት አይቸኩሉ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካልደረሰ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ችንጋ ወይም ሽቦው ይመርመር። የባትሪው ጫፎች መሻገትና ባትሪውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ መላላትም ያንኑ ችግር ስለሚያመጡ መጀመሪያ ጠርገው ያጥብቋቸው።

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ በኮምፒውተር የሚነበበው ኮድ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0171 የሚለው ኮድ የሚናገረው ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ማነሱን ነው፤ መንስኤው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ይህን ኮድ አይቶ ወዲያው የኦክስጅን ሴንሰር መለወጥ ጥገና ሳይሆን ዕድል ሙከራ ነው። ካምቢዮው (ማርሹ) አውቶማቲክ ከሆነ፣ በተለይም ሲቪቲ (ቋሚ ማርሾች ሳይኖሩት ፍጥነትን ያለ ደረጃ የሚለዋውጥ ዓይነት) ከሆነ፣ በመመሪያው ከተጻፈው የዘይት ዓይነት ውጭ አይሙሉበት።

ማንኛውም ጥገና ሲያልቅ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ተረክበው የተበላሸበትን ቦታ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ከዚያም ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ ነድተው የፈሳሾቹን መጠን ሲቀዘቅዝ እንደገና ይመልከቱ፤ ኮዱንም ከጥቂት ቀናት በኋላ በድጋሚ ያስነብቡ።