የጡት ካንሰር በየት አድርጎ ይሰራጫል? መንገዱን በእጅሽ እንዴት ትከታተያለሽ

«ቢላ ከነካው ይበተናል።» ደሴ ውስጥ ቡና ተፈልቶ የጡት ካንሰር ወሬ ከተነሳ፣ በረካው ሳይደርስ ይቺ ቃል ትወጣለች። የሰፈራችን አንዲት እናት ጡታቸው ላይ ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር አገኙ። አታማቸውም ነበር። ይቺን ቃል ሰምተው ዝም አሏት። ሐኪም ቤት የሄዱት ብብታቸው ስር ሌላ ከወጣች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ድረስ ቢላም መርፌም አልነካቸውም። በራሷ ጊዜ ነው የተጓዘችው።

እና ዛሬ ጉዞውን ላሳይሽ። በየት ወጥቶ የት እንደሚደርስ ካወቅሽ፣ እጅሽ የት መዳበስ እንዳለበትም ታውቂያለሽ። «አንቺ» ማለቴ ለመቀራረብ ነው። ወንዶችም አንብቡት። ብዙ አይሁኑ እንጂ ወንዶችንም ይይዛል።

1. መነሻውን እወቂ

ጡት ውስጥ ወተት የሚያመነጩ እጢዎች አሉ። ወተቱን ወደ ጫፉ የሚያደርሱ ቀጫጭን ቱቦዎችም አሉ። አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚጀምረው ከቱቦዎቹ ግድግዳ ነው። ሴሎቹ ቱቦው ውስጥ ብቻ ተወስነው ሳለ የትም አልሄዱም፤ ሐኪሞች ደረጃ ዜሮ ይሉታል። የቱቦውን ግድግዳ ጥሰው ሲወጡ ነው ጉዞው የሚጀመረው።

2. የመጀመሪያውን ኬላ ለይው

ደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ቦርከና ወንዝ ገብቶ በኮምቦልቻ ማለፉ አይቀርም። ጡትም የራሱ ቦርከና አለው። ከደም ስር ሌላ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚሄድበት ቀጭን የቦይ መረብ አለ። ከጡት የሚወጣው አብዛኛው ሊምፍ የሚወርደው ወደ ብብት ነው። ብብት ውስጥ እንደ ባቄላ ያሉ እጢዎች አሉ። እጅሽ ቆስሎ ንፍፊት ሲወጣብሽ የሚያብጡት እነሱ ናቸው። ሥራቸው እንደ ኬላ ነው፤ የሚያልፈውን ይፈትሻሉ፣ እንግዳ ነገር ያስቀራሉ። ከጡት የወጣ የካንሰር ሴልም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘው እዚያ ነው። ችግሩ፣ የተያዘው እዚያው መባዛት ይችላል።

ለዚህ ነው ሐኪም ጡትሽን አይቶ ብብትሽን ሳይዳብስ ከሸኘሽ «ብብቴስ?» ማለት ያለብሽ። አይፈሩም፣ ይጠየቃሉ። በነገራችን ላይ ብብት ስር ያበጠ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ጡት ላይ የሚወጣ እብጠትም አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ግን ይህን የሚወስነው ምርመራ ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

3. በእጅሽ ፈትሺ

የወር አበባሽ ካበቃ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ጠብቂ። ከዚያ በፊት ጡት ስለሚያብጥና ስለሚጓጉል በከንቱ ያስደነግጥሻል። የወር አበባ ያቆሙ እናቶች ከወሩ አንድ ቀን ይምረጡ። የሚካኤል ዕለት ይሁን፣ የፋብሪካው ደሞዝ የሚገባበት ቀን፣ ብቻ የማይረሳ ይሁን።

መጀመሪያ መስታወት። ከወገብሽ በላይ ልብስሽን አውልቂ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ተመልከቺ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ አንሺው። የምትፈልጊው ያልነበረ ነገር ነው። የተሰረጎደ ቆዳ፣ በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ሳትነኪው የሚወጣ ደም ያለው ፈሳሽ። ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ ቀን አትቁጠሪ። እንደዚያ የሚሆነው ከቆዳው ስር ያሉት የሊምፍ ቦዮች ሲደፈኑ ነው። ሁለቱ ጡቶች ትንሽ መበላለጣቸው ግን የአብዛኞቻችን ነው።

ከዚያ ጋደም በይ። (የደሴ ብርድ ነው፣ እጅሽን አሙቂው።) ቀኙን ልትፈትሺ ከሆነ ቀኝ ትከሻሽ ስር ትራስ አድርጊ፣ ቀኝ እጅሽን ተንተራሺው። በግራ እጅሽ ሦስት የመሃል ጣቶች ዳብሺ፤ በጥፍር በኩል ሳይሆን በጣቶቹ ሆድ። ትንንሽ ክብ እየሠራሽ፣ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጫን፣ በመጨረሻ የጎድን አጥንትሽ እስኪሰማሽ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ እርሻ ትልም በትልም ሂጂ። ድንበርሽ ከላይ የአንገት አጥንት፣ ከታች የጡትሽ ስር፣ በአንድ በኩል የደረት አጥንት፣ በሌላው ብብት ነው።

ብዙ ሴት እዚህ ታቆማለች። አታቁሚ። ቁጭ በይና ክንድሽን ፈታ አድርገሽ ብብትሽን ወደ ውስጥ ጠልቀሽ ዳብሺ። ክንድሽ ከተወጠረ ጡንቻው ይደብቅብሻል። ከዚያ ከአንገት አጥንትሽ በላይና በታች ያለውን ጎድጓዳ ቦታ እይ። ሴሉ የብብቱን ኬላ ካለፈ ቀጣዩ ማረፊያ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ጠጣር፣ ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ሲገፉት የማይንሸራተት ነገር ያሳስባል። አለማመሙ ዋስትና አይሆንሽም። የሰፈራችንን እናት የሸወዳቸውም እሱ ነው። ምንም ካላገኘሽም፣ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ባለሙያዋ እንድትዳብስሽ ጠይቂ። የእሷ እጅ ከእኛ እጅ ይለያል።

4. ሩቅ ማረፊያዎቹን አስቢ

በሊምፍም በቀጥታም ደም ውስጥ የገባ ሴል የትም ሊደርስ ይችላል፤ የትም ግን አይበቅልም። ስቲቨን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1889 እ.ኤ.አ. በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ ነገሩ እንደ ዘርና መሬት ነው አለ። ዘሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የሚበቅለው ግን በሚስማማው መሬት ላይ ነው። ጤፍ የዘራ የወሎ ገበሬ ይህን ለመረዳት መዝገብ አያስፈልገውም።

ለጡት ካንሰር የሚስማሙት መሬቶች በዋናነት አራት ናቸው፤ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል። አጥንት ላይ ሲያርፍ፣ በተለይ አከርካሪ፣ ዳሌና ጎድን ላይ፣ ማታ ማታ የሚብስና ዕረፍት የማያስታግሰው ሕመም ይኖራል። ሳንባ ላይ ከሆነ የማይለቅ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር። ጉበት ላይ ከሆነ በቀኝ ጎን ከጎድን ስር ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን። አንጎል ላይ ከሆነ አዲስ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ መንቀጥቀጥ። ከዚህ በፊት የጡት ካንሰር የታከመች ሴት እግሯ ድንገት ከከዳት ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ትሂድ። አከርካሪ ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

አጥንት ላይ የተገኘ የጡት ካንሰር «የአጥንት ካንሰር» አይባልም። ሴሎቹ የጡት ናቸው፤ ሕክምናውም የጡት ካንሰር ሕክምና ነው።

5. ናሙናውን አትፍሪ

አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ከተነሳሽ በኋላ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። መርፌው ካንሰሩን ይበትነዋል ብለሽ አትሽሺ። የሚበተነው በገዛ ራሱ አድጎ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ደግሞ ሕክምና አይጀመርም። ካንሰር ከሆነ ሁለት ጥያቄ ያዢ። «ሆርሞን ይቀበላል ወይ?» እና «ኸርቱ (HER2) የሚባለው፣ አንዳንድ የጡት ካንሰር ሴል ላይ የሚበዛው ፕሮቲን፣ ተመርምሯል ወይ?» መድኃኒቱ የሚመረጠው በነዚህ መልሶች ነው። ሆርሞን የሚቀበል ከሆነ ለምሳሌ ታሞክሲፌን የሚባል የሚዋጥ ክኒን አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው መጀመሪያ ሐኪም ቤት ከተሄደበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራል። እኛ ዘንድ 60 ቀን ቶሎ ይበላል። ረመዳን ይለፍ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ የልጅቷ ሰርግ ይለፍ ሲባል ዓመት ይሞላል።

6. ሪፈር ከተጻፈልሽ

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከተላክሽ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ወረቀት ረስቶ መመለስ አይቻልም። የፓቶሎጂውን (የናሙናውን ምርመራ) ውጤት፣ ፊልሙን ወይም ሲዲውን፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አንድ ላይ ያዢ። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለልጅሽ ላኪ። ሻንጣው አውቶቡሱ ላይ ቢጫን ግድ የለም። ወረቀቱ ግን ጭንሽ ላይ ይሁን።