ኪውኦኤስ ተሠርቶ ድምፅ ለምን ይቆራረጣል?

የችግሩ መልክ ሁሌም አንድ ነው። በኔትወርክ የሚሠራው የቢሮ ስልክ (አይፒ ስልክ) ጥርት ብሎ እየተሰማ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል መላክ ይጀምራል፤ ድምፁ ወዲያው ይቆራረጣል። ራውተሩ ላይ ግን ለድምፅ ቅድሚያ ተሰጥቷል፤ ኪውኦኤስ (QoS) የሚባለው ይህ ቅድሚያ አሰጣጥ ነው። ገመዱንና የፖርቱን ፍጥነት አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ስልክ እየተወራ የራውተሩን የቅድሚያ ወረፋ ቆጣሪ፣ ማለትም ቅድሚያ ያገኙ ፓኬቶችን (የዳታ ቁራጮችን) የሚቆጥረውን፣ ተመልከቱ። ዜሮ ላይ ከቆመ ራውተሩን ገና አትነካኩት። ብዙውን ጊዜ ፓኬቶቹ የቅድሚያ ምልክታቸውን ተገፈው ነው የሚደርሱት።

አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ይህንን ነው። የአይፒ ፓኬት ራስጌ (ሄደር) ላይ ዲኤስሲፒ የሚባል ባለ 6 ቢት ቦታ አለ፤ ከ0 እስከ 63 ይይዛል። የአይፒ ስልኮች ብዙውን ጊዜ ለድምፅ 46 ይጽፉበታል፤ ኢኤፍ የሚባለው እሱ ነው። 0 ተራ ትራፊክ ነው። መሃል ያለው ስዊች (ስልኮቹንና ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ዕቃ) ፖርቱን ካላመነ፣ ማለትም በዚያ ፖርት የመጣውን ምልክት እንዲቀበል "ትረስት" ካልተደረገ፣ 46ቱን አጥፍቶ 0 ይጽፋል። እንደ 2960 እና 3560 ባሉ የቆዩ የሲስኮ ስዊቾች ላይ ኪውኦኤስ ስታበሩ፣ ትረስት ያልተደረገ ፖርት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ "ኪውኦኤስ ካበራን ወዲህ ባሰበት" የሚሉኝ ሰዎች ልክ ናቸው።

አንድ ቢሮ ችግሩን በገንዘብ ሊፈታ ሞክሮ ነበር። የመስመር ፍጥነት ጨመሩ፣ ራውተር ቀየሩ፣ ባክአፕ በተነሳ ቁጥር ግን ስልኩ ያው ነው። ፓኬቱን በዋየርሻርክ (ፓኬት ይዞ በሚያሳይ ፕሮግራም) ሁለት ቦታ ላይ ያዝነው፦ ስልኩ ጋ 46፣ ራውተሩ ጋ 0። የስልኮቹን ፖርቶች ትረስት ስናደርግ አለቀ። እባካችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፓኬቱን እዩ!

ግን ሁሉንም ፖርት ትረስት አታድርጉ። ሌላ ቦታ እንዲሁ በጅምላ አምነው፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም አፕሎዱን ሁሉ 46 እያለ ይልክ ነበር። የቅድሚያው ወረፋ ሞላ፤ ለወረፋው የተሰጠው የፍጥነት ገደብ ሲታለፍ የሁሉም ሰው ጥሪ አብሮ ተበላሸ። ስልኩን እመኑ፣ ከኮምፒውተር የሚመጣውን ወደ 0 መልሱ። ገደቡንም በጥሪ ብዛት አስሉ፦ ጂ 711 በሚባለው የድምፅ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዳታ መቀየሪያ ዘዴ) የሚደረግ አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፣ የኢተርኔቱ ራስጌ ሳይቆጠር።

ቆጣሪው እየቆጠረም ድምፁ ከተቆራረጠ፣ ብዙውን ጊዜ ወረፋው የተሠራው ራውተሩ ላይ ሳይሆን ሞደሙ ውስጥ ነው። ራውተሩ ወደ ሞደሙ በ1 ጊጋቢት ይልካል፤ መስመሩ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የሚወጣውን ትራፊክ ከመስመሩ እውነተኛ የአፕሎድ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሼፕ አድርጉ (ፍጥነቱን ራውተሩ ላይ ገድቡ)፤ 90 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ፍጥነት ማስገቢያ የሌለው፣ "ኪውኦኤስ" የሚል ማብሪያ ብቻ ያለው ርካሽ ራውተር ለዚህ አይረባም።

ዋይፋይ ላይ ብቻ ከሆነ፣ አክሰስ ፖይንቱ 46ን ከድምፅ ይልቅ በቪዲዮ ወረፋ አስገብቶት ይሆናል። ቪፒኤን ካለ ፓኬቱ በሌላ ፓኬት ተጠቅልሎ ስለሚሄድ፣ የቅድሚያው ምልክት ወደ ውጪኛው ራስጌ መቀዳቱን እዩ።

ስታረጋግጡ መስመሩን በአፕሎድ አጨናንቃችሁ ደውሉ፤ ባዶ መስመር ላይ ሁሉም ጥሩ ይሰማል። ሌላ ቅርንጫፍ ጋ የምትደውሉ ከሆነም የሚመጣውን ድምፅ ያዙና እዩ። እዚያ ያለው ስዊች ምልክቱን ካጠፋ፣ እናንተ የሰጣችሁት ቅድሚያ የሚወጣውን ብቻ ነው የሚጠብቀው።